የጦስኝ ዘይትና የዝናሽ መርፌ

ስመኝ የራሷን ፎቶ ያየችው በአንድ ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ ነው። አስተምራ ወጥታ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ስትሄድ ከፊቷ የነበረው ባጃጅ ሰው ለማውረድ ቆመ። ልታልፈው ስትል ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ከመስታወቱ ላይ ፈገግ ብላ አየቻት። የማስተርስ ጥናቷን ባቀረበች ቀን የተነሳችው ፎቶ ነበር። ከፎቶው በላይ በቀይ ቀለም «የጉና ጦስኝ ንጹሕ ዘይት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ለቁርጥማት፣ ለእብጠት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም። በምርምር የተረጋገጠ። መርፌ ያስቀራል።»

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አያት፤ ከዚያ መስታወቱን ዞሮ ተመለከተና መልሶ እሷን አየ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት አይደል?» አላት። «እናቴ በእርስዎ ዘይት ነው የተነሳችው።»

«ዶክተር አይደለሁም። ይህን ማን ነው የለጠፈልህ?»

«ጋሽ ሞገስ ናቸው። ለብዙዎቻችን ለጥፈውልናል።»

ሞገስ ታላቅ ወንድሟ ነው። ስመኝ የማስታወቂያውን ጫፍ በጥፍሯ ያዘችና ልትገነጥለው ሞከረች። አልላቀቅ አላት። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ሲመለከታት እጇን ሰበሰበች፤ ባጃጁም ፊቷን ይዞባት ቁልቁል ሄደ። ገበያ መሄዷን ረስታ እዚያው የመንገዱ ዳር ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ሞገስ ቤት አቀናች።

የተወለዱት ጉና ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርዳም ቀበሌ ነው። አባታቸው ሲሞት ሞገስ ትምህርቱን አቋርጦ ሞፈር ያዘ፤ ስመኝ ግን እንድትማር አደረገ። አድጋ ኬሚስትሪ አጥንታ ለማስተርስ ርእስ ምረጪ ስትባል ብዙም አላሰበችበትም። በእነሱ አገር ጦስኝ ያልገባበት ቤት የለም። ጉንፋን የያዘው አፍልቶ ይጠጣዋል፣ ጉልበቱ ያበጠ ቀጥቅጦ ያስርበታል። ስመኝ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለገች። ሞገስ ከጉና ተረተር ላይ በአህያ እየጫነ አመጣላት፤ ዘይቱ እንደ አረቄ በእንፋሎት እየወጣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ እየቀዘቀዘ ሲንጠባጠብ ከጎኗ ተቀምጦ አየ። ብዙ ሸክም ጦስኝ የሚሰጠው ጥቂት ዘይት ነው። ያ ዘይት በመለያ ማሽን ሲመረመር በውስጡ ብዙ ዓይነት ነገር ተገኘ። አብዛኛው ግን ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ውሁዶች ነበሩ። ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ምላስ ላይ ሲነካ የሚያቃጥለው በእነሱ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ በአይጥ ላይ ሞከረችው። የአይጦቹ መዳፍ ውስጥ የሚያሳብጥ ነገር ይወጋል፤ ከዚያ ግማሾቹ ዘይቱን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ አያገኙም። ዘይቱን ያገኙት እግራቸው ያበጠው በጣም በጥቂቱ ነው። ያገኘችው ይህንን ነው፤ ከዚህ አላለፈችም። በሽታን ያድናል አላለችም። ብግነትን፣ ማለትም የተቆጣ አካል እብጠትን፣ ይቀንሳል ነው ያለችው፤ እሱንም በአይጥ ላይ።

ለሞገስ ይህን ነግራዋለች። ዘይቱ ብቻውን ቆዳ ስለሚያቃጥል በኑግ ዘይት መቅጠን እንዳለበትም አሳይታዋለች። ጉልበቱን ተቀብቶ ሲሻለው ደስ ብሏታል፤ ለጎረቤት ሲሰጥም አልከፋትም። ከዚያ በኋላ ሥራዋ በዛ፣ ሞገስም እርሻውን አከራይቶ ከተማ ገባ። ነገሩ እዚህ ደረጃ መድረሱን ግን አልሰማችም ነበር።

የሞገስ ቤት ከከተማው ጠርዝ ላይ ነው። የግቢውን በር ስትከፍት የጦስኙ ሽታ ዓይኗን አቃጠላት። በርሜሉ እሳት ላይ ተጥዷል፤ ከአጥሩ ሥር የጦስኝ ክምር ተከምሯል፤ ብዙው ከነሥሩ የተነቀለ ነው። ሞገስ ከሚያነደው እሳት ቀና ብሎ እጁን በሱሪው እየጠረገ ሊስማት መጣ። እሷ ባለችበት ቆመች።

«አያ ሞገስ፣ ፎቶዬን ለጥፍ ብሎ ማን ፈቀደልህ?»

ሳቀ። «ከቤቴ ግድግዳ ላይ ነው ያነሳሁት። የእህቴ ፎቶ አይደለም እንዴ? አፍሬ ልደብቀው ኖሯል?»

«መርፌ ያስቀራል ያልኩት መቼ ነው?»

«አንቺ ብለሻል አልተባለም። ሰው ነው የሚለው። ዳንን ያሉ ሰዎች ናቸው።»

«ፎቶዬ ከላይ፣ ቃሉ ከሥር። የሚያነበው ሰው ማን ብሏል ብሎ ያስባል?»

ሞገስ ጎንበስ ብሎ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ። «እሺ፣ ካልወደድሽው ፎቶሽ ይነሳል» አለ በመጨረሻ። «ለዚህ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?»

«እኔ ያየሁት የአይጥ እግር ነው አያ። ይህን ደጋግሜ ነግሬሃለሁ።»

«የእኔ ጉልበት የአይጥ ነው? ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ማስቀደስ አቅቶኝ አልነበር? እንግዲህ አይሠራም ልትይኝ ነው?»

«ይሠራል። አይሠራም አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ስመኝ ዓይኗን ወደ ጦስኙ ክምር መለሰች። ሞገስ ይህን እንደ መረታት ቆጠረው፤ ፊቱ ፈታ አለ።

«ይልቅ የዝናሽን ነገር አልሰማሽም?» አላት። «የልጅቱን ጉልበት እኔ ነኝ ያዳንኩት። ያ የወር መርፌ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያሠቃያት የኖረው፣ እሱን ተገላገለች።»

ዝናሽ የእትዬ የሺ ልጅ ናት። ስመኝ ከገጠር መጥታ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ያደረችው በእትዬ የሺ ቤት ነው፤ ዝናሽ ያኔ ገና ከእናቷ ቀሚስ ሥር የማትለይ ሕፃን ነበረች። አንድ ክረምት ጉሮሮዋን አመማት፤ እሱ ሲለቃት ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻል ክንዷ፣ ክንዷ ሲሻል ቁርጭምጭሚቷ። ሆስፒታል ሲወስዷት፣ ይህ ሕመም ከተመላለሰ ወደ ልብ ይሄዳል፣ እስክታድግ ድረስ በየወሩ መርፌ ካልወሰደች አደጋ ነው ተባሉ። ስመኝ ራሷ እጇን ይዛ ትወስዳት ነበር። መርፌው ወፍራም ነው፤ መድኃኒቱም ሲገባ ያማል። ልጅቱ እያነከሰች፣ እንባዋን እየዋጠች ነበር ወደ ቤት የምትመለሰው።

«ምን አልካት?» አለችው ስመኝ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እብጠቱ ከጠፋ መርፌው ለምን ያስፈልግሻል አልኳት። ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት።»

«መቼ?»

«እኔ እንጃ። ባለፈው ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ መሰለኝ።»

ስመኝ በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

እትዬ የሺ በደስታ ነው የተቀበሏት። ስመኝ ግን ገብታ ዓይኗን የጣለችው አልጋው ላይ ነው። ዝናሽ ሁለት ትራስ ደግፋ ቁጭ ብላለች። የልብስ ስፌት ተምራ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪና ይዛ የምትውል ልጅ ነበረች። አሁን መኪናዋ ጥግ ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ቆሟል።

«ጉልበቷስ ድኖላት ነበር» አሉ እትዬ የሺ። «በአንቺ ዘይት፣ እግዜር ይስጥሽ። ይኸኛው ሌላ ነው፤ ብርድ ሳይሆን አይቀርም።»

ስመኝ ጋቢውን ከዝናሽ እግር ላይ ገለጠችው። ሁለቱም እግሮች አብጠዋል። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ጣቷ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

«ስትሄጂ ያፍንሻል?»

«ትንሽ ዳገት ስወጣ» አለች ዝናሽ። በየቃሉ መሃል አየር ትስባለች። «ጋደም ስልም ያፍነኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው።»

«መርፌውን ለምን ተውሽው?»

ዝናሽ ጥያቄው አስገርሟት አየቻት። «ጠርሙሱ ላይ ያንቺ ፎቶ አለ እኮ» አለች። «እኔ ያመንኩት አንቺን ነው። ጋሽ ሞገስን ብቻ ቢሆን እናቴም እሺ አትለኝም ነበር።»

እትዬ የሺ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዩ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ስመኝ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። የመጣው ባጃጅ መስታወት ላይ ያው ፎቶ ነበር፤ ዝናሽን ደግፈው ያሳፈሯት በእሱ ነው።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ወጣት ሐኪም ደረቷን ብዙ ጊዜ ወስዶ አዳመጠ፤ ከዚያ የልብ ምስል አነሳ። እትዬ የሺን ከልጃቸው ጋር ትቶ ስመኝን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«አንደኛው የልብ በር ጠብቧል» አላት። «ደም እንደ ልቡ አያልፍም፤ ወደ ኋላ ሳንባ ላይ ይቋጠራል። መርፌውን በማቋረጧ ሕመሙ ተመልሶባታል፤ ምናልባት ከአንድ ጊዜም በላይ።»

«ጉልበቷ ግን አላበጠም ነበር።»

«ዘይት ትቀባ ነበር ብላኛለች። እንዳያብጥ አድርጎት ይሆናል፣ ላያብጥም ይችል ነበር፤ ይህን አላውቅም። መርፌው ግን ለጉልበት አይደለም የሚሰጠው። የጉሮሮውን ሕመም እንዳይመለስ ነው የሚከላከለው። ጉሮሮው ከታመመ በኋላ ሰውነት ከበሽታው ጋር ልዋጋ ብሎ የራሱን ልብ ይጎዳል። ጉልበት ላይ የሚታየው ምልክቱ ብቻ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ወደ እኛ የሚያመጣት እብጠቱ ነበር።»

ብግነትን ይቀንሳል። ስመኝ በጥናቷ የመጨረሻ ገጽ ላይ በኩራት የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሐኪሙ ለመሄድ ዞር አለና ቆመ። «ይቅርታ፣ ማስታወቂያው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ፎቶው የእኔ ነው።»

«በዚህ ሰሞን የወር መርፌያቸውን ያቆሙ ሌሎች ልጆችም መጥተውብናል» አላት። አልጮኸባትም፤ የተናገረው በትሕትና ነው። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

እሑድ ጧት ለሞገስ ደጋግማ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዷል፣ እሑድ የሚታጠበው ሰው ስለሚበዛ ዘይቱን ይዞ ሄዷል አለቻት። ስመኝ በሚኒባስ ወረታ፣ ከዚያ ሐሙሲት ወረደች፤ ከሐሙሲት ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰችው አታስታውስም። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅና ስታፈርስ ነበር።

ወንዛዬ ሰው ሞልቶበታል። ከፍል ውሃው የሚነሳው እንፋሎት ከሜዳው በላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። ብዙዎቹ ምርኩዝ የያዙ፣ ጉልበታቸውን የሚያሹ፣ ልጆቻቸውን በጀርባ ያዘሉ ናቸው። ሞገስ ከመሃላቸው ጠረጴዛ ዘርግቶ ጠርሙሶቹን ደርድሯል። በእጁ ድምፅ ማጉያ ይዟል።

«ዝናሽ ሆስፒታል ናት» አለችው ጠረጴዛው ጋ ደርሳ።

ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገው። «ምን ሆና?»

«ልቧ ነው። መርፌውን በመተዋ ልቧ ተጎዳ።»

ሞገስ ፊቱ አመድ መሰለ። ግራ ቀኙን አየ። ሰዎች ቀና ቀና ብለው እያዳመጡ ነው። «ዞር ብለን እንነጋገር» አለ ድምፁን ቀንሶ። «በሰው ፊት አይሆንም።»

«ያልካትን በሰው ፊት ነው የለጠፍከው። እዚሁ ነው የምንነጋገረው።»

ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወሰደችው። ጥብቅ አድርጎ አልያዘውም ነበር። ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ጠርሙሱ ላይ ያለው ፎቶ የእኔ ነው» አለች። «መርፌ ያስቀራል የሚለውን ግን አላልኩም። ውሸት ነው። ከመካከላችሁ የወር መርፌ የታዘዘለት ወይም ልጁ የታዘዘለት ሰው ካለ፣ በዚህ ዘይት ምክንያት ካቋረጠ፣ ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አንዲት ልጅ መተንፈስ አቅቷት ተኝታለች።»

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። «ልጄ፣ እኔ እኮ እኒህን ጣቶቼን ማጠፍ የቻልኩት በዚህ ዘይት ነው። እንዴት አይሠራም ትይኛለሽ?»

«አይሠራም አላልኩም እናቴ። ሕመሙን ያስታግሣል። በኑግ ዘይት አቅጥነው ቢቀቡት እኔም አልከለክልዎትም። የሚያስታግሠው ግን እብጠቱን ነው፤ በሽታውን አይነቅለውም።»

«እብጠቱ ከሄደ በሽታው ምን ቀረው?» አለ አንድ ሰው።

«ይሠራል ትላለች፣ አይሠራም ትላለች» አለ ሌላው። «ወንድሟ ሲያልፍለት ጊዜ ቅናት ይዟት ነው።»

ሳቁ። ስመኝ ወደ ሞገስ ዞረች። አንድ ቃል ቢናገር፣ እውነቷን ነው ቢል በቂ ነበር። ሞገስ ግን አንገቱን ደፍቶ ጠርሙሶቹን ያስተካክል ነበር። የሰዎቹ ሳቅ ያን ያህል አላናደዳትም። ለዚያ አንገት መድፋት ግን ጠረጴዛውን ገልብጣ ጠርሙሶቹን ድንጋይ ላይ ብትከሰክሳቸው ደስ ባላት ነበር። አላደረገችውም። ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ መልሳ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እንደገና ሳቁባት፤ እንደገና ተናገረች። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ አላቆመችም።

ሰው እየሰለቸው ወደ ውሃው ሲበተን ታደሰ የሚባል ገበሬ ወደ እሷ ቀረብ አለ። ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ነበር የሚያወራው። «ልጄ የወር መርፌ አላት» አላት። «ከሰኔ ጀምሮ አልወሰደችም። ጉልበቷ ደህና ነው።»

«ደህና ቢሆንም ነገ ውሰዳት።»

«ደህና ቢሆንም?»

«ደህና ቢሆንም።»

ታደሰ ተራ ይዞ የነበረበትን ቦታ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ምርኩዙን አንስቶ ወደ መንገዱ ወጣ።

ሞገስ ሣጥኑን ዘጋ። «አዋረድሽኝ» አላት ቀና ብሎ ሳያያት። «በአገር ፊት አዋረድሽኝ።»

«ዝናሽን ጠይቃት» አለችው። «ከዚያ ስለ ውርደት እናወራለን።»

አልጠየቃትም። ዝናሽ ውሃው ከሳንባዋ ቀንሶላት፣ ልቧን ለማከም ወደ አዲስ አበባ የምትሄድበትን ተራ እንድትጠብቅ ተነግሯት ወደ ቤቷ ስትመለስም አልመጣም። ፎቶው ከአዳዲሶቹ ጠርሙሶች ላይ ተነሳ፤ «መርፌ ያስቀራል» የሚለው ግን ባጃጆቹ ላይ እንዳለ ነበር። ይልቅ የመጣው ሽማግሌ ነው። ታላቅ ወንድሟን በአደባባይ ስላሳፈረች ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ ከቅዳሴ በኋላ አጎታቸው ቤት እንድትገኝ መልእክት ደረሳት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ይሻው ናቸው። ሞገስ ከእሳቸው ጎን ተቀምጧል። መሪጌታ ሞገስ ያደረገላትን አንድ በአንድ አነሱ፤ ትምህርቱን መተዉን፣ ጫማ ሳይኖረው ጫማ እንደገዛላት፣ አባት ሆኖ እንዳሳደጋት። «እንግዲህ ልጄ፣ ታላቅሽ ነው። ተነሺና ጉልበቱን ሳሚ፣ በዚህ ይብቃ» አሉ።

ስመኝ አልተነሳችም። «ያደረገልኝን የማላውቅ ይመስላችኋል አባ?» አለች። «ሁሉንም አውቀዋለሁ። አገሩም ያውቀዋል። ሰው ያመነው ለዚህ እኮ ነው። እህቱን አስተምሮ፣ እህቱ መርምራ ብለው ነው የገዙት። ያስተማረኝ ስሜን እንዲህ ሊያደርገው ከሆነ ባያስተምረኝ ይሻል ነበር።»

አጎታቸው «ኧረ ተይ» አሉ።

«አልተውም። እዚህ የተሰበሰባችሁት የእሱ ፊት ጠቆረ ብላችሁ ነው። የዝናሽ ከንፈር ሲጠቁር ማን ሽማግሌ ሰበሰበ? እናቷ ማታ ማታ ትንፋሿን ሲያዳምጡ ነው የሚያድሩት። ከእናንተ ማን ሄዶ ጠየቃቸው? ጉልበት የምስመው እሱ የእሷን ከሳመ በኋላ ነው።»

ሞገስ ሊወጣ ብድግ አለ። መሪጌታ የነጠላውን ጫፍ ያዙት።

«ሞገስ፣ ልጅቱን ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ለምን?»

ሞገስ መልሶ ተቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበር» አለ። «ከበሩ ስደርስ ስትስል ሰማኋት። መግባት ፈራሁ።»

መሪጌታ ይሻው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። «እንግዲያውስ ጉዳዩ ያለው እዚህ አይደለም» አሉ። «ተነሡ፣ እንሂድ።»

እትዬ የሺ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው አልሳሟቸውም። መንገድ ለቀቁላቸው ብቻ። ዝናሽ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላው ከመኪናው ላይ ተነስቷል። ሞገስ እንደገባ ሊንበረከክ ጎንበስ አለ።

«አይንበርከኩ ጋሽ ሞገስ» አለች ዝናሽ። «ተቀምጠው ይስሙኝ። ቶሎ ስለሚደክመኝ ብዙ ማውራት አልችልም።»

ተቀመጠ።

«መርፌው በጣም ስለሚያመኝ ነው የጠየቅኩዎት። ተዪው እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ዓይኔን አይተው አውቀውታል፤ የፈለግሁትን ነገሩኝ። አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር። አንድ አላውቅም ነው የጎደለው።»

«ልጄ፣ እኔ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ክፉ ቢያስቡማ እጠላዎት ነበር፣ ይገላግለኝ ነበር። አሁን የማደርገውን አሳጡኝ።» አየር ሳበች። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞረች። «አንቺም ብትሆኚ። ጥናትሽን ስትጨርሺ ምን አገኘሽ ብዬ ጠየቅኩሽ። ኬሚስትሪ ነው፣ ይከብድሻል አልሽኝ። ይህን ያህል ይከብድ ነበር? እብጠት ያጠፋል፣ በሽታ አያጠፋም። ይኸው እኔም አልኩት።»

ስመኝ ሙሉ ቀን በሌሎች ላይ ስታወርድ የዋለችው ቁጣ ወደ ራሷ ዞረ። «ልክ ነሽ» አለች።

«ልክ መሆኔን አውቃለሁ።»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለዕርቅ የሚሆን ቃል ሊጀምሩ ሲሉ ዝናሽ እጇን አነሳች።

«ይቅርታ አባ፣ ዛሬ ይቅር ብያለሁ አልልም። ጋሽ ሞገስ የለጠፉትን ሁሉ በእጃቸው ያንሱ፣ ሰው ሳይልኩ። ገበያ ላይ የተናገሩትን ገበያ ላይ ያፍርሱት። መርፌዬን በምወጋበት ቀን ደግሞ እየመጡ ይውሰዱኝ። እየተወጋሁ እዚያው ይቁሙ። የምለው ይኸን ነው።»

ሞገስ በማግስቱ ቢላዋና ሙቅ ውሃ በባልዲ ይዞ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ቦታ ወጣ። በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ መስታወት ሲፍቅ ዋለ። አንዳንዱ ሾፌር ሳቀበት፣ አንዳንዱ እናቴ ድናበታለች ብሎ አላስነካም አለ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በዚያው ድምፅ ማጉያ የወር መርፌ ያላችሁ አታቁሙ፣ እኔ ያልኩት ስሕተት ነው እያለ ዞረ። በርሜሉን ከእሳት ላይ አወረደ። ወንዛዬም፣ ጣራ ገዳም ለንግሥ በሚሄደው ሰው መሃልም ሄዶ ተናገረ። ስመኝ አንዳንዴ አብራው ትሄድ ነበር። በመንገድ ላይ ስለ አየሩ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ መኪናው መዘግየት ያወራሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልተነሳም። ጉልበቱን አልሳመችም፤ እሱም ዳግመኛ አልጠየቃትም።

የጦስኙ ንግድ ግን አልቆመም። ሞገስ ሲተው ሌሎች ያዙት። ወዲያው ማንም የማያውቀው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፎቶ ያለበት ጠርሙስ ገበያ ላይ ታየ፤ እሱም መርፌ ያስቀራል ይላል። ስመኝ ጠርሙሱን ባየችበት ቦታ ሁሉ ቆማ ትከራከራለች። ተማሪዎቿ ስለ ቁጣዋ ያወራሉ፤ ባልደረቦቿም ቀስ በይ፣ ጤናሽን ታጪያለሽ ይሏታል። ቀስ ማለት አልፈለገችም።

የዝናሽ ተራ ደርሶ አዲስ አበባ ሄደች። የጠበበውን የልብ በር በቀጭን ቱቦ ገብተው አሰፉላት። ስትመለስ ጋደም ብላ መተኛት ችላለች፤ የስፌት መኪናዋንም ሱቁ በረንዳ ላይ መልሳ ተክላለች። ሐኪሞቹ ግን ልቧ እንደ ድሮው እንደማይሆን፣ ሳታማክራቸው እንዳታገባም እንዳትወልድም ነግረዋታል። መርፌው ደግሞ አይቋረጥም፤ ከበፊቱ ለበለጠ ዘመን ትወስደዋለች።

ከአዲስ አበባ መልስ የመጀመሪያው የመርፌ ቀን ሞገስ ባጃጅ ይዞ በጧት መጣ። ስመኝም ነበረች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር መሠረት የምትባለው ነርስ መድኃኒቱን ስታዘጋጅ ሞገስ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«እዚህ» አለች ዝናሽ፣ ከአጠገቧ ያለውን ቦታ በዓይኗ አሳይታ።

መጥቶ ቆመ። መርፌው ሲገባ ዝናሽ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጥርሷን ነከሰች። መድኃኒቱ ቶሎ አይገባም፤ ነርሷ ቀስ እያለች ነው የምትገፋው። ሞገስ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ዝናሽ እያየችው መሆኑን አየና ከፈተው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

ሲያልቅ ዝናሽ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች። ሞገስ ክንዱን ዘረጋላት። እሷ አልያዘችውም። እግሯን እየጎተተች፣ በግድግዳው ተደግፋ ብቻዋን እስከ በሩ ሄደች፤ እዚያ ሲደርሱ ቆማ አረፈች።

«የሚመጣው ወር ደግሞ አይዘግዩ» አለችው።

«አልዘገይም» አለ ሞገስ።